የመስኮት ፀሐይ አጥንት አያጠነክርም

ከባሕር ዳር ሽምብጥ የጻፉልን እናት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ 60 የ45 ቀን ጫጩቶች ገዝተው ግቢያቸው ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ያሳድጋሉ። ጭልፊትና ድመት ስለሚያስቸግሩ ወደ ውጭ አውጥተዋቸው አያውቁም፤ ክፍሏ ግን ሰፊ የመስታወት መስኮት ስላላት ፀሐይ እንደ ልብ ትገባለች። መኗቸው የተፈጨ በቆሎና ፉርሽካ እኩል በእኩል ነው። ከወር በኋላ አሥር የሚሆኑት ተቀምጠው መዋል ጀመሩ፤ ሲነሡ ይንገዳገዳሉ፤ የሁለቱ እግር ጎብጧል። «ካልሲየም ነው» ስለተባሉ ዱቄት ገዝተው በውኃ እየበጠበጡ ሦስት ሳምንት ሰጡ። ለውጥ የለም። ሌሊት ቀይ አምፖል እንደሚያበሩላቸውም ጽፈዋል።

ወደ መኖው ከመግባቴ በፊት አንዷን ይያዙና መንቁሯን በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ መካከል አድርገው በቀስታ ወደ ጎን ይጫኑት። የጤነኛ ዶሮ መንቁር እንደ ጥፍር ነው፤ አይበገርም። አጥንቷ የላላባት ግን መንቁሯ እንደ ረጠበ ቆዳ ይታጠፋል። ቀጥለው የደረቷን አጥንት ጠርዝ በጣትዎ ከላይ እስከ ታች ይዳስሱ። ቀጥ ያለ ከሆነ ደግ፤ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ከሆነ ነገሩ ታውቋል። መንቁሩም ደረቱም ጠንካራ ሆኖ አንድ እግሯን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ ካገኟት ግን የማሬክ በሽታን ይጠርጥሩ። እሱ የቫይረስ በሽታ ነው፤ መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው በተፈለፈሉበት ቀን የሚሰጥ ክትባት ነው። አንገት መጠማዘዝና አረንጓዴ ቅዘን ከታከለበት ደግሞ ፈንግል ሊሆን ስለሚችል ይህን ጽሑፍ ትተው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። እርስዎ ስለ መንቁሩ አልጻፉልኝም፤ የእግሩ መጉበጥና የመኖው ዓይነት ግን ወደ አጥንት መላላት ያመለክቱኛል።

ፉርሽካ ርካሽ ነው፤ ዶሮም አትጠላውም። እርስዎ ከሚቀላቅሉት 100 ኪሎ መኖ ውስጥ ግን ካልሲየሙ 100 ግራም ቢሞላ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለች ቄብ በ100 ኪሎ መኖ ውስጥ 1 ኪሎ ገደማ ካልሲየም ያስፈልጋታል። አጥንት ከካልሲየም ጋር የሚገነባበት ፎስፈረስ በአንጻሩ 700 ግራም ገደማ ይደርሳል፤ ያውም አብዛኛው ፋይቴት በሚባል ውሕድ ውስጥ የታሰረ ስለሆነ ለዶሮዋ አይደርሳትም። ይባስ ብሎ ይኸው ፋይቴት ያለውን ጥቂት ካልሲየም አንጀት ውስጥ ይዞባት ይወጣል። ልብና ጡንቻ ያለ ካልሲየም ስለማይሠሩ ሰውነቷ የጎደለውን ከአጥንቷ ይወስዳል፤ አጥንቷ ደግሞ ገና በግንባታ ላይ ነው።

በውኃ የሰጡት ዱቄትስ? ካልሲየም ካርቦኔት ከሆነ በውኃ አይሟሟም። መጠጫውን ደፍተው ታችኛውን ክፍል በጣትዎ ይጥረጉት፤ ገንዘብ ያወጡበት ነጭ ዝቃጭ እዚያ ተኝቶ ያገኙታል። ካልሲየም ከመኖ ጋር ነው የሚበላው።

ቢበሉትም እንኳ ቫይታሚን ዲ3 ከሌለ አብዛኛው ከኩስ ጋር ይወጣል። ይህ ቫይታሚን በበቆሎና በፉርሽካ ውስጥ የለም። ዶሮዋ ራሷ ትሠራዋለች፤ የምትሠራው ግን የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ላባ በሌለው ቆዳዋ፣ በተለይም በእግሯ ላይ ሲያርፍ ነው። የመስኮት መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን አሳልፎ ይህን ጨረር ያስቀረዋል። እኔም በጀማሪነቴ ወቅት ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጣሪያ ሥር ዶሮ አርብቼ ቤቱ ወለል ብሎ በርቶልኝ ሳለ ቄቦቼ እግራቸው ተያዘ። ያን ጊዜ መኖ ሻጩን ወቅሼ ነበር። በጣና ዳር ድንጋይ ላይ የምትሞቀው እንሽላሊት ይህን ጉዳይ ከእኛ በተሻለ ይዛዋለች፤ በውጭ አገር በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንሽላሊት የሚያሳድጉ ሰዎችም ይህን ጨረር የሚሰጥ ልዩ መብራት ካልገዙላት አጥንቷ እንደ እርስዎ ቄቦች ይጎብጣል። እኛ መብራት መግዛት አያስፈልገንም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ፀሐይ የማትነፈግ ከተማ ናት። ሕፃን ፀሐይ የምናሞቅ ሰዎች ቄብ ማሞቅ እንዴት ይከብደናል?

ስለዚህ ከግድግዳው ውጭ በወንፊት ሽቦ የታጠረ፣ ከላይም በሽቦ የተሸፈነ ትንሽ ግቢ ይሥሩላቸው፤ ሽቦ ጭልፊቱን እንጂ ጨረሩን አይከለክልም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያውጧቸው። ግማሹን ቦታ ጥላ ያድርጉላቸው፤ ውኃም ይኑር፤ በሚያዝያ ሙቀት ጥላ የሌለው አጥር ራሱ ይገድላል።

መኖውን በተመለከተ የተዘጋጀ የታዳጊ መኖ መግዛት ከቻሉ ይግዙ። ካልቻሉ ፉርሽካውን ቀንሰው የኑግ ፋጉሎ ይጨምሩ፤ በ100 ኪሎ ድብልቅ 2 ኪሎ የአጥንት ዱቄት፣ 1 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ 300 ግራም ጨው፣ እንዲሁም በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን የቫይታሚን ፕሪሚክስ (መኖ ውስጥ የሚጨመር የተዘጋጀ የቫይታሚን ድብልቅ) ይግባበት። የግድግዳ ኖራ እንዳይገዙ፤ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። የአጥንት ዱቄቱን ከማያውቁት ቦታ አይግዙ፤ በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት አጥንት ሊኖርበት ይችላል። ሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚበልቱት ሰዎች የቆረሶ አጥንት ቢለምኑ ይሻላል። በደንብ ቀቅለው ሥጋውን ያራግፉ፣ ያድርቁት፣ በብረት ምጣድ በጣት እስኪፈረፈር ይቁሉትና በሙቀጫ ይውቀጡት። ሥጋው ካልወጣለት ይከረፋል።

አንዳንዱ ካልሲየም ጎደለ ሲባል የእንቁላል ጣይ መኖ ለጫጩት ይሰጣል። በዚያ መኖ ውስጥ ካልሲየሙ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ስለሆነ የታዳጊዋን ኩላሊት ያበላሻል። አይሞክሩት።

ለተቀመጡት ከእንስሳት መድኃኒት ቤት በውኃ የሚሟሟ፣ ዲ3 ያለበት ቫይታሚን ገዝተው በታዘዘው መጠን ይስጡ። ቶሎ እንዲድኑ ብለው እጥፍ አያድርጉት፤ ሲበዛ ይመርዛል። ከሌሎቹ ለይተው በደረቅ ሰጋቱራ ላይ ያስቀምጧቸው፤ መኖና ውኃው ቁጭ ብለው የሚደርሱበት ይሁን። ሕመሙ ሳይጠናባቸው የተደረሰላቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ መቆም ይጀምራሉ። የጎበጠው እግር ግን አይቃናም፤ ሁለቱን ለእንቁላል አይጠብቋቸው። አዲስ የሚወድቅ ከታየ አንዷን በሕይወት ሳለች፣ ከመኖው አንድ ጭብጥ ጋር ይዘው ወደ ከተማችን የእንስሳት ጤና ምርመራ ላቦራቶሪ ይሂዱ።

ቀዩን አምፖል አሁኑኑ ያጥፉት። በዚህ ዕድሜ ሙቀቱ አያስፈልጋቸውም፤ ለአጥንት የሚሆን ጨረርም የለውም። ብርሃኑ ሲረዝም ደግሞ ቄቧ አጥንቷ ሳይጠና እንቁላል ትጀምራለች። የአገራችን የ12 ሰዓት ቀን ይበቃታል፤ መጣል ስትጀምር ብቻ ቀስ በቀስ እስከ 16 ሰዓት ያድርሱት። ያኔ መኖዋም ወደ ጣይ መኖ ይቀየራል። ለአንድ እንቁላል ቅርፊት 2 ግራም ገደማ ካልሲየም ይወጣል፤ ቅርፊቱ በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ነው። ስለዚህ ወደ 11 ሰዓት ከቀትር በኋላ ቆጥ ላይ ከመውጣታቸው በፊት በምጣድ የታመሰና የተሰባበረ የእንቁላል ቅርፊት በተለየ ዕቃ ያቅርቡላቸው። አያድቅቁት፤ የስንዴ ፍሬ የሚያህለው ስባሪ በመፍጫዋ ውስጥ ሲሟሟ ያድራል።