ግማሽ ሰዓት ብቻ ላላችሁ፦ የሐዋሳ የጂም ጥያቄዎችና መልሶች

ሰላም የሐዋሳ ልጆች። እዚሁ ከተማችን ጂም ውስጥ ሰው ማሠራት ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆኖኛል። በየቀኑ የምጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ጊዜ የለኝም፣ ግማሽ ሰዓት ሠርቼ ኪሎ እቀንሳለሁ ወይ?» አዎ፣ ይቻላል። ግን ግማሽ ሰዓቱን እንዴት እንደምትጠቀሙበትና ከጂም ስትወጡ ምን እንደምትበሉ ነው ጉዳዩን የሚወስነው። ዛሬ ማታ ቁጭ ብያለሁ፣ ጠይቁኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ በሽታ ያለበት ጥያቄ ሲመጣ የማውቀውን ያህል ብቻ ነው የምናገረው።

ጥያቄ፦ ባንክ ነው የምሠራው። 11 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ጂም እገባለሁ፣ ያለኝ 40 ደቂቃ ነው። ሙሉውን ትሬድሚል ላይ ባሳልፈው አይሻልም? በደንብ የሚያልበኝ እሱ ላይ ነው።

አይሻልም ወንድሜ። ላብ ሰውነትህ ራሱን የሚያቀዘቅዝበት መንገድ ነው፣ ስብ መቅለጡን አያሳይም። ደግሞ ሰው ኪሎ ሲቀንስ የሚወርደው ስብ ብቻ አይደለም፣ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ጡንቻህን ይዘህ ስቡን ብቻ ለመቀነስ ብረት ማንሳት አለብህ።

40 ደቂቃህን እንዲህ አድርጋት። 5 ደቂቃ ማሟሟቅ። ከዚያ እንቅስቃሴዎችን ሁለት ሁለት አድርገህ አጣምር፦ ዳምቤል (በእጅ የሚያዝ አጭር ብረት) ይዘህ ስኳት (ቁጭ ብድግ) 10 ጊዜ፣ ወዲያው ደግሞ ኬብሉን ወደ ደረትህ መሳብ 10 ጊዜ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ እረፍት፣ ይህን 3 ወይም 4 ዙር። እግርህ ሲያርፍ ጀርባህ ይሠራል፣ ጀርባህ ሲያርፍ እግርህ፤ ቆሞ የሚባክን ጊዜ የለም። ቀጥሎ ፑሽ አፕን ከዴድሊፍት (ብረትን ከመሬት ማንሳት) ጋር በዚሁ መልክ አጣምር። የተረፈችህን 8 ደቂቃ ትሬድሚሉን ሽቅብ አድርገህ ቶሎ ቶሎ ተራመድ። በቃ።

ሁለት ነገር ልጨምርልህ። ከ10ሩ የመጨረሻዎቹ 2 ካልከበዱህ ብረቱ ቀሎሃል ማለት ነው፣ ጨምር። ስልክህንም ቦርሳ ውስጥ ተወው። በዙሮች መካከል ስልክ የሚያይ ሰው አንድ ደቂቃ ያረፈ እየመሰለው አራት ደቂቃ ይቀመጣል፤ ይህን በየቀኑ በዓይኔ ነው የማየው። ትንሽ ደብተር ያዝና ስንት ኪሎ ስንት ጊዜ እንዳነሳህ ጻፍ።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ። ቦርጩ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። 3 ወር ሙሉ በቀን 200 ሲት አፕ ሠርቼ ምንም ለውጥ የለም።

ጥረትህን አደንቃለሁ፣ 3 ወር ሳይሰለቹ መሥራት ቀላል አይደለም። ግን ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ነው የሚያጠነክረው፣ የላዩን ስብ ለይቶ አያወርድም። ሰውነት ስብ የሚያወጣው ከመላ አካል ነው፤ ከየት እንደሚጀምር አንተ አትመርጥለትም።

እስቲ ልጠይቅህ፣ በቀን ስንት ሻይ ትጠጣለህ? ሦስት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ካልክ 9 ማንኪያ ነው፣ አንዱ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ስለሆነ 36 ግራም ስኳር፣ ወደ 150 ካሎሪ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ለስላሳ ከጨመርክበት ሌላ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ገባ። ሁለቱ አንድ ላይ ግማሽ ሰዓት ለፍተህ የምታቃጥለውን ያህል ነው። ለስላሳውን በውሃ ተካው፣ የሻይዋን ስኳር ወደ አንድ ማንኪያ አውርድ። ከ200ው ሲት አፕ ይልቅ በሳምንት 3 ቀን እላይ የጻፍኩትን ሥራ። ተራ ስትጠብቅ ደግሞ ከባጃጇ ውረድና ተራመድ።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ በ30 ደቂቃ ስንት ካሎሪ ነው የሚቃጠለው? ማሽኑ ላይ 450 አየሁ።

የማሽኑን ቁጥር አትመኑት፣ ብዙ ጊዜ ያጋንናል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ጠንክሮ ከሠራ ከ200 እስከ 300 ካሎሪ ቢያቃጥል ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ግን ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ስለዚህ በጂም ብቻ መቀነስ በጣም ረጅም መንገድ ነው።

በኛ ማእድ ቤት ያለው ትልቁ ነገር ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው፤ እኛ ደግሞ በማንኪያ ሳይሆን ከጠርሙሱ በቀጥታ ነው የምናፈሰው። ወጡን የምትሠሩት እናንተ ከሆናችሁ ለአንድ ሳምንት ብቻ በማንኪያ እየለካችሁ ጨምሩ፣ ራሳችሁ ትገረማላችሁ። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርዳችሁ ዓሣ ስትበሉም ዓሣው ራሱ ግሩም ምግብ ነው፣ ፕሮቲን የሞላበት፤ በዘይት ከተጠበሰው ይልቅ ሾርባውን ምረጡ። ቡርሳሜም (ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራውን የሲዳማ ምግብ) አትብሉ አልልም፣ ባህላችን ነው፣ የምንወደው ነው። ክብደቱ ያለው ቅቤው ላይ ስለሆነ መጠኑን አሳንሱ እንጂ ከማዕዱ አትራቁ።

ጥያቄ፦ ወገብ ላይ የሚጠመጠመው ላስቲክ ይሠራል?

አይሠራም። የሚወጣው ውሃ ነው፣ ስትጠጪ ይመለሳል። በሐዋሳ ሙቀት ላይ ጨምረሽበት ደግሞ ራስሽን ያዞርሻል።

ጥያቄ፦ ጾም ላይ ነኝ፣ እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ የለም። መቼ ልሥራ?

ውሃም የማትጠጪ ከሆነ ባዶ ሆድሽን ከባድ ነገር አትሥሪ። 9 ሰዓት ላይ ብይ፣ ከዚያ 11 ሰዓት ወይም 11 ሰዓት ተኩል ግቢ። ብረቱን አትተዪ፣ ዙሩን ግን ከ4 ወደ 3 ቀንሺ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ በጾም ወቅት ኪሎ የጨመሩ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ይውሉና ማታ ፓስታው፣ ዳቦው፣ ሳምቡሳው፣ ሁሉም በዘይት። የጾም ምግብ ሥጋና ቅቤ የለውም እንጂ ካሎሪ አለው። ሳህንሽ ላይ መጀመሪያ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ አተሩን፣ ጎመኑን አብዢው፤ እንጀራው ይቀንስ። የተቀቀለ ባቄላም ጥሩ ነው፣ ሆድ ይይዛል፣ ጡንቻሽንም ያግዛል።

ጥያቄ፦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። ከሥራ ስወጣ አቅም የለኝም። 20 ደቂቃ ትርጉም አለው?

አለው እህቴ፣ በጣም። በሳምንት 2 ቀን ብቻ ጀምሪ። ስኳት፣ ፑሽ አፕ በጉልበትሽ ተንበርክከሽ፣ ዳምቤል ወደ ጎንሽ መሳብ፤ ሦስቱን ተራ በተራ ለ15 ደቂቃ፣ 5ቷ ለማሟሟቂያ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና 2 ቀን የጡንቻ ሥራ ይመክራል። ያ 150 ደቂቃ ጂም ውስጥ ብቻ መሞላት የለበትም፤ ወደ ሥራ ስትሄጂና ስትመለሺ ከሰርቪሱ አንድ ፌርማታ ቀደም ብለሽ ወርደሽ ፈጠን እያልሽ ብትራመጂ ይቆጠርልሻል። እንቅልፍሽንም ጠብቂ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይርበዋል፣ የሚያምረውም ጣፋጭ ነው።

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው፣ ስኳርና ደም ግፊት አለብኝ። ሐኪም ክብደት ቀንስ ብሎኛል። እንደ ወጣቶቹ ብረት ማንሳት እችላለሁ?

አባባ፣ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ስለ መድኃኒትዎ ይጠይቁ። ኢንሱሊንና አንዳንድ የስኳር ኪኒኖች ስፖርት ሲጨመርባቸው ስኳሩን ከመጠን በላይ ሊያወርዱት ይችላሉ። ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ። ከተፈቀደልዎ በማለዳ በፍቅር ሐይቅ በኩል 20 ደቂቃ ይራመዱ፣ ነፋሻማና ሜዳ ነው። በሳምንት 2 ቀን ደግሞ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ 10 ጊዜ፣ ግድግዳ ተደግፈው መግፋት 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ብረት ቀስ ብሎ ይመጣል። ሲያነሱ ግን ትንፋሽዎን አፍነው አይያዙ፣ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። ደረትዎን ካመመዎ ወይም ካዞረዎ ወዲያው ያቁሙና ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ጥያቄ፦ 4 ደቂቃ ታባታ ብቻ ይበቃል የሚሉ ቪዲዮዎች አሉ፣ እውነት ነው?

ጃፓናዊው ኢዙሚ ታባታ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ወጣት ስፖርተኞች ሳይክል ላይ 20 ሰከንድ በሙሉ አቅም፣ 10 ሰከንድ እረፍት እያሉ እስኪዝሉ ሠርተዋል። የተለካው የልብና የሳንባ ብቃታቸው ነው፣ ክብደት መቀነስ አይደለም። ለማጠናቀቂያ ጥሩ ነው፣ ለብቻው ግን አይበቃህም።

ጥያቄ፦ በመጀመሪያው ሳምንት 2 ኪሎ ቀነስኩ። አሁን 2 ሳምንት ሙሉ ሚዛኑ ቆመ። ተስፋ ቆረጥኩ።

አትቁረጪ። የመጀመሪያው 2 ኪሎ አብዛኛው ውሃ ነበር፣ ሁሉም ሰው ላይ የሚሆን ነው። አሁን ደግሞ አዲስ ብረት ስትጀምሪ ጡንቻ ውሃ ይይዛል፣ የወር አበባ ሲቃረብም እንዲሁ፣ ስለዚህ ስቡ እየሄደም ሚዛኑ ላይታይ ይችላል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከወረደ ጥሩ ነው። ጠዋት ሽንት ቤት ከሄድሽ በኋላ፣ ሳትበዪ ተመዘኚ። የልብስ ሰፊ ሜትር ገዝተሽ ወገብሽን እምብርትሽ ጋ ለኪ፣ ዛሬ ጻፊው፣ ከ2 ሳምንት በኋላ ድገሚው። ሁለቱም ካልተነቃነቁ የምትበዪውን አንድ ሳምንት ጽፈሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

ጥያቄ፦ ወፍራም ስለሆንኩ ጂም መግባት ያሳፍረኛል። ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኛል።

እህቴ፣ ይህን ስሜት አውቀዋለሁ፣ ብዙዎች በር ላይ ደርሰው ተመልሰዋል። ከቻልሽ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ግቢ፣ ሰው የሚቀንስበት ሰዓት ነው። የሚስቅ ሰው ያለበት ጂም ከሆነ ለአሠልጣኙ ንገሪ፣ ካላስተካከለ ጂሙን ቀይሪ። እስከዚያው ቤትሽ ጀምሪ። 5 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን 5 ኪሎ ነው፤ እሱን ደረትሽ ላይ አቅፈሽ ስኳት 8 ጊዜ፣ እንደ ብረት ወደ ወገብሽ መሳብ በእያንዳንዱ እጅ 8 ጊዜ፣ አንድ ደቂቃ አርፈሽ ድገሚ፣ ለ15 ደቂቃ። ከባድ ከሆነ ውሃውን በግማሽ ቀንሺው።