የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አጭሩ የስቴት መንገድ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ባለፈው ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን፣ የቼሳፒክ ቤይን ድልድይ ተሻግረን፣ ከኢስተን እስከ ቲልግማን ደሴት በሜሪላንድ 33 ቁጥር መንገድ ተጓዝን። ሴንት ማይክልስ ስንደርስ መንገዱ በሱቆች መካከል የሚያልፍ ጠባብ የከተማ ጎዳና ሆነ፤ ደሴቱ መግቢያ ላይ ደግሞ ድልድዩ ለጀልባ ተነስቶ አስቆመን። ይህ እንዴት የስቴት አውራ ጎዳና ይባላል? ጉድጓድ ቢፈጠርበትስ ለማን ይነገራል?
አንድ አንባቢያችሁ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ግራ ያጋባዎት «አውራ ጎዳና» የሚለው ቃላችን ይመስለናል። ቃሉን የለመድነው በአገራችን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጋር ስለሆነ፣ በሰማነው ቁጥር ከአዲስ አበባ ወደየጠቅላይ ግዛቱ የሚዘረጉት ረጃጅም መንገዶች በዐይናችን ይመጣሉ። በሜሪላንድ ግን መንገድን የስቴት የሚያሰኘው ስፋቱ ወይም ርዝመቱ ሳይሆን ኃላፊነቱን የተሸከመው አካል ነው። 33 ቁጥር 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ሴንት ማይክልስ ውስጥ ታልቦት ጎዳና የሚል ስም ሲይዝም ቁጥሩን አይለቅም። ስለዚህ ጉድጓዱን የሚያመለክቱት ለስቴቱ የመንገዶች አስተዳደር ነው፤ ከዚያው ጎዳና ወደ ጎን የሚታጠፈው ቁጥር አልባ መንገድ የከተማው፣ ከከተማ ውጭ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የካውንቲው፣ ማለትም ከስቴቱ በታች ያለው የአካባቢ አስተዳደር፣ ነው። ቨርጂኒያ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ይህን ለራሳችሁ እንዳትወስዱት፤ በዚያ ከአርሊንግተንና ከሄንራይኮ በቀር የካውንቲ መንገዶችን በአብዛኛው የሚጠግነው ስቴቱ ራሱ ነው።

ያስቆማችሁ ድልድይ የተሠራው ናፕስ ናሮውስ በሚባለው ጠባብ የውኃ መተላለፊያ ላይ ነው። ከቾፕታንክ ወንዝ በኩል ወደ ቼሳፒክ ባሕር ወሽመጥ የሚወጡ ጀልባዎች ደሴቱን ዞረው እንዳይሄዱ የሚያሳጥርላቸው ይህ መተላለፊያ ስለሆነ፣ ጀልባ መጥቶ ሲጠይቅ ድልድዩ ይነሳል፤ መኪናው ይጠብቃል። አሮጌው ድልድይ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሲተካ አልተጣለም፤ ሴንት ማይክልስ ባለው የባሕር ሙዚየም መግቢያ ላይ ቆሟል።

ስለዚህ አካባቢ ሳንነግርዎ ልናልፍ የማንፈልገው ሌላ ነገር አለ። በባርነት ተወልዶ በኋላ ታዋቂ የባርነት ተቃዋሚ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ የተወለደው በዚሁ በታልቦት ካውንቲ ሲሆን፣ በ1836 (እ.ኤ.አ.) በሴንት ማይክልስ አቅራቢያ በባርነት ሲሠራ ከጓደኞቹ ጋር በታንኳ ሊያመልጥ አቅዶ ተያዘ። ለፋሲካ በዓል ወደ ባልቲሞር እንዲሄዱ የተፈቀደላቸው የሚያስመስል የይለፍ ወረቀት ለጓደኞቹ የጻፈው እርሱ ስለነበር፣ ታስረው ወደ ሴንት ማይክልስ ሲወሰዱ አንደኛው «ወረቀቱን ምን ላድርገው?» ብሎ ሲጠይቀው ከብስኩቱ ጋር እንዲበላው ነገረው፤ በላውም። ከሴንት ማይክልስ ወደ ኢስተን እስር ቤት የተወሰዱት ከፈረሶች ኋላ ታስረው በእግራቸው ነበር። እርስዎ በመኪና በሩብ ሰዓት ገደማ ያለፉት በእነዚሁ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት ነው። የዳግላስ ሐውልት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢስተን የካውንቲው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ስለሚገኝ፣ ሌላ ጊዜ ወደ 33 ቁጥር ከመግባትዎ በፊት ልጆችዎን ይዘው ጎራ ይበሉ።