ማኅተም የሌለው የሥራ ልምድ

ጥያቄ፦ በጂኦግራፊ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማሪነቴ ጀምሮ በትርፍ ጊዜዬ፣ ማንም ሰው ሊያርመው በሚችለው ኦፕን ስትሪት ማፕ በተባለ የኢንተርኔት ካርታ ላይ የከተማዬን መንገዶች፣ ትምህርት ቤቶችና የውኃ ቦኖዎች አስገባለሁ። አባቴ «ለፈረንጅ በነፃ ትሠሪያለሽ» ይለኛል። ይህ ነገር ሲቪ ላይ ይጻፋል? ከተጻፈስ ያስገባኋቸውን ለውጦች ብዛት መግለጽ ይበቃል? ጓደኛዬ ቁጥሩ ቶሎ እንዲያድግ ከጎግል ካርታ ስሞችን እንድገለብጥ መክራኛለች።

መልስ፦ እህቴ፣ ከጓደኛሽ ምክር ልጀምር፤ መልሱ አጭር ነውና። አትገልብጪ። የጎግል ካርታ መብቱ የተጠበቀ ነው፤ ከእሱ የተቀዳ መረጃ ሲደረስበት ይሰረዛል፣ የገለበጠውም ሰው ይታወቃል። በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ማን፣ መቼ፣ ምን ማስታወሻ ጽፎ እንዳስገባ ሁሉ ተመዝግቦ ለማንም ክፍት ነው። ሥራ ፈላጊ ይህን ያህል ሊመረመር የሚችል ማስረጃ በእጁ የሚኖረው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ አታበላሺው።

አባትሽ ከፊል እውነት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር የተጀመረውን ይህን ካርታ ዛሬ እንደ ሜታና አማዞን ያሉ ኩባንያዎችም ይጠቀሙበታል፤ ፈቃዱ ይህን አይከለክልም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ አገሪቱን ረግጠው የማያውቁ በጎ ፈቃደኞች ዋና ከተማዋን ፖርቶፕራንስን ከሳተላይት ፎቶ ላይ በጥቂት ቀናት ስለው ለነፍስ አድን ሠራተኞች ያደረሱት በዚሁ ካርታ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና ቀይ መስቀል እ.ኤ.አ. በ2014 ካርታ ላልተሠራላቸው አካባቢዎች የጋራ ዘመቻ የጀመሩትም ይህንኑ አይተው ነው። ለአባትሽ ግን ይህን ሁሉ ከመተረክ የዚሁን ካርታ መረጃ የሚያሳየውን ኦርጋኒክ ማፕስ የተባለ መተግበሪያ በስልካቸው ላይ ጫኚላቸው። ኔትወርክ በሌለበት ጭምር የሚሠራ ስለሆነ፣ የመዘገብሽው የሰፈራችሁ ቦኖ እዚያው ይታያቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በአገራችን የሥራ ልምድ ማለት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት «ሁለት ዓመት ልምድ» የሚል ማስታወቂያ አይተሽ የካርታውን ሥራ ብታቀርቢ፣ የሰው ኃይል ክፍሉ አንድ ወር እንኳ አይቆጥርልሽም። ስለዚህ «የሥራ ልምድ» ከሚለው ርዕስ ሥር አታስገቢው፤ የራሱን ርዕስ ስጪውና «የበጎ ፈቃድ ሥራ» በይው። የረድኤት ድርጅቶችና የግል አማካሪ ድርጅቶች ዘንድ ግን ነገሩ ይለያል። እነዚህ ብዙ ጊዜ በጽሑፍና በተግባር ፈተና ይለያሉ፤ እዚያ ደብዳቤ ሳይሆን እጅ ይናገራል።

የለውጦቹን ብዛት በተመለከተ፣ እኔ ቀጣሪ ብሆን አላነበውም። በሳተላይት ፎቶ ላይ ጣሪያ እየተከተለ አራት ማዕዘን የሚስል ሰው በአንድ ምሽት ብዙ መቶ ሊያስመዘግብ ይችላል። ሳተላይት ጣሪያውን ያያል እንጂ ቤቱ ክሊኒክ ይሁን ወፍጮ ቤት አይለይም፤ ቦኖው ውኃ ይስጥ ይድረቅም አያውቅም። ያንቺ ብልጫ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «በጠባሴ አካባቢ የሚገኙ የውኃ ቦኖዎችን በእግር ተዘዋውሬ በጂፒኤስ መዝግቤአለሁ፤ አገልግሎት የሚሰጡትንና የማይሰጡትን ለይቻለሁ፤ የቦታ ስሞችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አስገብቻለሁ።» ከሥሩ በካርታው ላይ ያለሽን የመለያ ገጽ አድራሻ አስቀምጪ። ከዚያ በፊት ግን ገጹን እንደ ባዕድ ሆነሽ መርምሪው። የመለያ ስምሽ ለቀልድ የተመረጠ ከሆነ ቀይሪው፤ መቀየር ይቻላል። በአስተያየት ከሌላ ካርታ ሠሪ ጋር የተጨቃጨቅሽበት ቦታ ካለም መልስሽ ጨዋ መሆኑን እዪ። ስሕተትሽን ሰው ነግሮሽ ያረምሽበት ምልልስ ካለ ደግሞ አትፈሪው፤ ብልህ ቀጣሪ ከዲግሪሽ ይልቅ እሱን ያነባል።

መሳል ብቻውን ግን ደመወዝ አያመጣም። ማስታወቂያዎቹን አንድ በአንድ ብታነቢያቸው የሚጠይቁት ጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር ማደራጀትና መተንተን)፣ የመስክ መረጃ አሰባሰብና የመረጃ ትንተና ነው። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ኪውጂአይኤስ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ራስሽ ያስገባሽውን መረጃ ከካርታው አውርጂና አንድ ጥያቄ መልሺበት፤ ለምሳሌ ከየትኛው ሰፈር እስከ ቅርቡ ቦኖ ያለው ርቀት ይበዛል? ውጤቱን በአንድ ካርታና በሁለት ገጽ ጽሑፍ አዘጋጂው። ከዚያ ይዘሽው ወደ ማዘጋጃ ቤት ወይም ወደ ከተማው የውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ከተቀበሉሽና ከተጠቀሙበት የምስጋና ደብዳቤ ጠይቂ፤ አትፈሪ። ያ ማኅተም የሚገኝበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። በሰብአዊ እርዳታ የካርታ ዘመቻዎች ላይም ሌሎች የሳሉትን የሚያጣራ ሰው ይፈለጋል። ወደዚያ ደረጃ ማደግ ከብዛት ይልቅ ይመሰክርልሻል።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብሽ። ስልክ ይዞ በየመታጠፊያው እየቆመ የሚመዘግብ ሰው በዚህ ጊዜ በቀላሉ ይጠረጠራል። ከቀበሌ የትብብር ደብዳቤ ያዢ፣ ከሰው ጋር ውጪ፣ ወታደራዊ ወይም የጸጥታ ተቋም ባለበት አካባቢ ምንም አትመዝግቢ፣ ፎቶም አታንሺ። በግለሰብ ቤት ላይ የነዋሪውን ስም መጻፍም በካርታው ልማድ የተከለከለ ነው።

ነገ አንድ ድርጅት ለዚሁ ካርታ በክፍያ ቢቀጥርሽ፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተደራጀ የካርታ ሥራን የሚመለከት መመሪያ እንዳለ እወቂ። ለማን እንደምትሠሪ በመለያ ገጽሽ ላይ በግልጽ ጻፊ። ለቅጥሩ ሥራም ሌላ መለያ ክፈቺ፤ በትርፍ ጊዜሽ የሠራሽው በራስሽ ስም ለብቻው ይቆይ።