ልጇን ከትምህርት ቤት አውጥታ ቤት ማስተማር ለፈለገችው እህት

እህቴ፣ «ቨርጂኒያ ነኝ፣ ሦስተኛ ክፍል የሚማር ልጅ አለኝ። ሰው ሁሉ ልጁን እያወጣ ቤት ማስተማር ጀምሯል፤ ምን አይተው ነው? አገር ቤት 12ኛ ክፍል ለጨረስኩት ለእኔስ ይፈቀዳል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ይፈቀድልሻል። እኔም እዚሁ ቨርጂኒያ ልጆቼን ቤት ነው የማስተምረው።

ምን አይተው ነው ላልሽው፣ ብዙዎቻችን ያየነው በኮሮና ጊዜ ነው። ክፍሉ በስክሪን ሳሎናችን ገባ። ልጆቻችን የሚማሩትንም የማይማሩትንም አጠገባቸው ቁጭ ብለን አየን። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቢሮ እንዳለው፣ ተማሪ ካላቸው ቤተሰቦች ቤት የሚያስተምሩት በ2020 ኤፕሪል መጨረሻ ገደማ 5.4 በመቶ ነበሩ፤ ኦክቶበር ላይ 11.1 በመቶ ደረሱ። በጥቁሮች ቤት ደግሞ ከ3.3 ወደ 16.1 በመቶ ዘለለ። ይሄ ፋሽን አይደለም፤ ወላጅ መሮት ነው።

እኔን ያስመረረኝ ሌላ ነው። ልጄ እዚሁ ነው የተወለደው። መመዝገቢያ ፎርሙ ላይ «ቤት ውስጥ አማርኛ እንናገራለን» ብዬ ስለሞላሁ ለእንግሊዝኛ ድጋፍ ፈተና ከክፍል ተጠራ። ማታ መጥቶ «እማዬ፣ ከአሁን በኋላ አማርኛ አታናግሪኝ» አለኝ። እኔ ያኔ ወሰንኩ።

አሁን ወደ ሥራው።

1. እስከ ኦገስት 15 ለካውንቲሽ ሱፐርኢንቴንደንት (የትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ) ልጅሽን ቤት እንደምታስተምሪ የሚያሳውቅ ደብዳቤ ላኪ። ከትምህርቱ በኩል የሚፈለገው የምታስተምሪያቸው የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ብቻ ነው። ሰዓትና መጽሐፍ ቢጠይቁሽ ሕጉ አያስገድድሽም። ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ ከሆነ ቶሎ አሳውቂ፤ የቀረውን በ30 ቀን ውስጥ አሟይ።

2. የትምህርት ማስረጃሽን አያይዢ። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። እኔ ወረቀቴን ይዤ ወደ ሱፐርኢንቴንደንቱ ቢሮ በአካል ሄድኩ። የቢሮው ሠራተኛ ሴትዮ አየት አድርጋ ወደ ጎን ገፋችው። ከዚያ እኔን ትታ ወደ ልጄ ዞረችና «እናትህ እንግሊዝኛ ትችላለች?» አለችው። ልጄ ፊት! ደሜ ፈላ፣ ግን ድምፄን አላነሳሁም። በእንግሊዝኛ «እኔን ይጠይቁኝ» አልኳት። ይሄ የውጭ አገር ወረቀት ነው፣ በአሜሪካ ድርጅት አስገምግሚው፣ የመኖሪያ ፈቃድሽንም አምጪ አለች። ወረቀቴ እኮ ግማሹ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ቤት ማስተማርን የሚመለከተውን የቨርጂኒያ ሕግ፣ ቁጥር 22.1-254.1ን፣ አትሜ ይዤ ነበር፤ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። «የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ» ይላል እንጂ የየት አገር አይልም። የመኖሪያ ፈቃድም የሚል ነገር የለበትም። አለቃዋን ጠራች፣ እሱ አነበበና ተቀበለኝ። ይቅርታ ግን ማንም አላለኝም። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

አንቺ በአካል አትሂጂ። በሪኮማንዴ ላኪ፣ የደረሰበትን ማረጋገጫ ያዢ።

ለልጅሽ ትምህርት ቤትም ለብቻው ጻፊ። ቢሮውና ትምህርት ቤቱ አይነጋገሩም። እኛ በሕጉ መሠረት አሳውቀን እያለ ልጄን «ያለፈቃድ ቀሪ» እያሉ ይመዘግቡ ነበር። ስልኩ በየጠዋቱ ይጮሃል፣ ቀጥሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ። ያቺን ማረጋገጫ ወረቀት ባልይዝ ፍርድ ቤት ድረስ ሊሄድ ይችል ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ እስከ ኦገስት 1 የልጅሽን እድገት የሚያሳይ ነገር ታስገቢያለሽ። አገር አቀፍ መመዘኛ ፈተና ወስዶ በአጠቃላይ ውጤቱ አራተኛ ስታናይን (ውጤትን ከ1 እስከ 9 የሚከፍል ደረጃ ነው) ወይም ከዚያ በላይ ካመጣ ይበቃል፤ ካልሆነ ፈቃድ ያለው መምህር ወይም ማስተርስ ያለው ሰው ገምግሞ ይጽፍልሻል። የእኔ ልጅ አልፎ ተርፎ ነው ያለፈው። ፊደልም ጨርሷል፤ አሁን አገር ቤት ላለችው አያቱ በአማርኛ ይጽፍላታል።

ደብዳቤሽን ከመላክሽ በፊት አይቼ እንዳርምልሽ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ።