«በሜትር ስንት?» ከማለታችሁ በፊት

ከደብረ ማርቆስ የጻፉልኝ እናት ቤታቸውን ሠርተው ማጠናቀቂያው ላይ ደርሰዋል። ሦስት ባለሙያዎች ለኩሽና ካቢኔት በሜትር የተራራቀ ዋጋ ስለነገሯቸው «ትክክለኛው የቱ ነው?» ይላሉ።

እናቴ፣ ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያሰቡት ሥራ ግን አንድ አይደለም። አንዱ በቺፕውድ (ከእንጨት ስብርባሪ በሙጫ ተጨምቆ በሚሠራው ሰሌዳ) አስቦት ይሆናል፣ ሌላው በኤምዲኤፍ (ከላመ የእንጨት ቃጫ ተጨምቆ በሚሠራው)። አንዱ ግራናይቱን፣ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳውንና መግጠሚያውን ጨምሯል፤ ሌላው ሣጥኑን ብቻ። ስለዚህ አስቀድመው «ምን ምን ጨምሮ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም ያስጽፉ። የላይኛውና የታችኛው ካቢኔት አብሮ ነው ወይስ ለየብቻ የሚለካው? ማዕዘኑስ? በ3 ሜትርና በ2 ሜትር ግድግዳ ላይ ሲሠራ ግድግዳው ከተለካ 5 ሜትር ይመጣል። የካቢኔቱ ጥልቀት 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን ማዕዘኑ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል፤ የተሠራው 4 ሜትር ከ40 ነው። ማዕዘን አድካሚ ስለሆነ ተስማምተው ቢከፍሉ ነውር የለውም። ሳያውቁ መክፈልዎ ነው የሚቆጨኝ።

ባለፈው ክረምት እዚያው ማርቆስ ዘመዴ ቤት ከገንዳው ሥር ያለውን በር ከፍቼ ነበር። የቺፕውዱ ጠርዝ አልተለበጠም። ከቧንቧው መጋጠሚያ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ ጠጥቶ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቷል፤ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ከተገጠመ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ካቢኔቱ ከመገጠሙ በፊት የቧንቧ ሠራተኛ ጠርተው መስመሩን ያስፈትሹ።

ከቡሬ፦ የታችኛው ካቢኔት ቁመት ስንት ይሁን? የተለመደው 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዝቶ የሚሠራበት ሰው አጭር ከሆነ ዝቅ ያስደርጉት።

ከፍኖተ ሰላም፦ ነጭ ወይስ ቡናማ? የወደዱትን።

ከዳንግላ አንድ ወጣት፣ ካቢኔቱን የሚገጥምለት አናጺ «የኤሌክትሪክ ምጣዱንም መስመር በቅናሽ እዘረጋልሃለሁ» እንዳለው ጽፎልኛል።

ወንድሜ፣ እሺ እንዳትል። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ የሳምንት እንጀራ ሲጋገር ደግሞ ለሰዓታት። ይህን ከመብራት መስመር በተቀጠለ ቀጭን ሽቦ ማሸከም ቤትን ለእሳት መስጠት ነው። ሽቦው ከካቢኔቱ ጀርባ ስለሚያልፍ ሲግል የሚያየው ሰው የለም። የተመሰከረለት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥራ። ለምጣዱ ብቻ የሚመጣ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። ከአናጺው ጋር በዋጋ ተከራከር፤ በዚህኛው ግን አትከራከር።

ከሞጣ የጻፉት አባት ቀብድ የተቀበላቸው ባለሙያ ስልክ አላነሳ ብሏቸዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ያዛል። ወረቀትዎ «ቀብድ» ይላል ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ»? ልዩነት ስላለው ይዘውት ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ።