አሮጌ ፍላሽ ለምታነሱ ልጆች

ልጆቼ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ሰርግና ጥምቀት ሳነሳ ነው ያረጀሁት፣ አሁን ደሞ እናንተ የአባታችሁን ካሜራ ከሳጥን እያወጣችሁ «ጋሼ ፍላሹ አልሰራ አለ» ትሉኛላችሁ፣ ክዳኑን ስከፍተው የባትሪ ድንጋዩ እዛው ተቀምጦ ነጭ ዱቄት ሆኖ ከሞላው ጋር ተጣብቋል። ማን አባቱ ነው ድንጋይ ሳያወጣ ያስቀመጠው!

የአልካላይን ድንጋይ የሚተፋው ፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ አይንማ አይወራም፣ ጓንት አድርጉ። የሚያረክሰው ሎሚ ወይ አቼቶ ነው፣ ጥጥ ነክራችሁ ጠብ ጠብ አርጉበት፣ ትንሽ ይፈላል፣ ከዛ በፋርማሲ አልኮል ጥረጉት (አረቄ አይሆንም፣ ውሀ ይበዛዋል፣ ሞክሬዋለሁ)። ሞላውን በላመ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት።

ብዙዎቻችሁ እዚህ ላይ ታቆማላችሁ፣ እኔም አቁሜ ነበር። የራሴ ቪቪታር 283 ፍላሽ፣ ያቺ 4 ትንንሽ ድንጋይ የምትበላዋ፣ ሞላዋ እንደ መስታወት እያበራ ድምጿ የለም፣ ሁለት ቀን ቦርዷን ስጠረጥር ቆየሁ፣ ለካ ከሞላው የሚነሳው ቀጭን ሽቦ ነው፣ ላዩ ደህና ነው ፕላስቲኩን ስልጠው ግን ውስጡ መዳቡ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል፣ ፈሳሹ በፕላስቲኩ ስር ስር ሄዶ ሄዶ በልቶታል። ቀይ መዳብ እስኪመጣ ቆርጬ ቆርጬ አላልቅ ቢለኝ አዲስ ሽቦ በካውያ በየድኩበት፣ ያኔ ያቺ ሲርርር የምትል ድምጿ መጣች።

ደሞ ስትከፍቱት ድንጋዩን አውጥቻለሁ ብላችሁ እንዳትዝናኑ፣ ካፓሲተሩ፣ ያ ለብልጭታው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው፣ 300 ቮልት ገደማ ይዞ ይቆያል፣ እኔን አንዴ ካቻቢቴውን ከእጄ አስፈንጥሮ ጣራ አስነክቶታል። ሁለቱን እግሩን በካቻቢቴ አገናኝተው ጧ የሚያደርጉ አሉ፣ ተዉት፣ በ220 ቮልት አምፖል አፍስሱትና ቮልት በሚለካ ቴስተር ለኩ። ብዙ አመት የተኛ ከሆነ መጀመሪያ ሲሞላ ይዘገያል፣ ደጋግማችሁ እየሞላችሁ ተኩሱት ይነቃል።

ዲጂታል ካሜራ ላይ ከመሰካታችሁ በፊት የጫማውን፣ ማለትም ካሜራው ላይ የሚሰካውን የፍላሹን እግር፣ ቮልት ለኩ፣ የድሮዎቹ 283 ከ200 በላይ ይወጣሉ፣ 6 ቮልት ብቻ የሚችል ካሜራ አለ።

ያልቻላችሁ ማርቆስ ብቅ ስትሉ አምጡልኝ፣ ሎሚውን ግን ራሳችሁ ግዙ።