ጥያቄ፦ ፍላሼ ላይ ያለው ሁሉ ሾርትከት (ወደ ፋይሉ የሚወስድ አቋራጭ ምልክት) ሆነ፣ ፎርማት ላድርገው?

መልስ፦ ቆይ፣ ፎርማት አታድርገው! ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ፎቶኮፒ ቤት ሰክተኸው ስትመለስ ጠፉ ያልካቸው ፋይሎች ተደብቀው ነው እንጂ አልተሰረዙም። ሾርትከቷን ስትጫን ግን ፎልደሩ ብቻ ሳይሆን ቫይረሱም አብሮ ይነሳል፤ ወደ ኮምፒውተርህ የሚገባው ያኔ ነው። አንዷንም አትንካ።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አጽዳ፣ አለዚያ ፍላሹ መልሶ ይበከላል። ፍላሹን ነቅለህ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን (ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን አንቲቫይረስ) አፕዴት አድርግ፤ ከዚያ ስካን ኦፕሽንስ ውስጥ የኦፍላይን ስካኑን (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚፈትሸውን) ምረጥ። ማሽኑ ሪስታርት አድርጎ 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል። መብራት መሀል ላይ እንዳይሄድብህ ባትሪው ሞልቶ ይሁን።

ቀጥሎ ፍላሹን ሰካና ሳትከፍተው በራይት ክሊክ ስካን አድርገው። ፋይል ኤክስፕሎረር ኦፕሽንስ ላይ ገብተህ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርግ፤ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውንም ምልክት አንሳ (ብዙ ሰው የሚረሳው ይቺን ነው)። ፈዘዝ ብለው የሚታዩት ፎልደሮች ባብዛኛው የአንተ ናቸው፤ አንዳንዴ ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ታጭቀው ታገኛቸዋለህ። ዶክመንትና ፎቶህን ብቻ ኮፒ አድርግ፣ ፎርማቱ ከዚያ በኋላ።

በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ (ፈቃዱ ተሰብሮ በነጻ የሚሰራ) አንቲቫይረስ ግን ተወው፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ከእንግዲህ ለፕሪንት ፍላሽ ከምትሰጥ ፋይሉን ለፎቶኮፒ ቤቱ በቴሌግራም ላክላቸው።